አዲሷን ሌክሰስ ከመግዛትህ በፊት ጎማዋን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ራቭ ፎርህን ሸጠህ ቅርጿ የተቀየረውን ሌክሰስ አርኤክስ 350 ልትገዛ አስበሃል። ኑሮህ ጅማ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን አጋሮ ትመላለሳለህ፣ በወር አንዴ አዲስ አበባ ትወጣለህ። «ለኛ መንገድ ትሆናለች ወይ?» ነው ያልከው።

እኔ የበፊቷን ቅርፅ፣ የ2018ቷን (በፈረንጅ ማለቴ ነው)፣ ከያዝኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አዲሷን ደግሞ የሚስቴ ወንድም ገዝቶ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ ሁለት ጊዜ እኔ ነኝ የነዳሁለት። ስለዚህ የምነግርህ ያየሁትን ነው።

የ2023 ሞዴል ተብሎ በ2022 የወጣው አዲሱ ቅርፅ ትልቁ ለውጡ ኮፈኑ ስር ነው። ባለ 6 ሲሊንደሩ (ቪ 6 የሚሉት) 3.5 ሊትር ሞተር ቀርቶ፣ ባለ 4 ሲሊንደር 2.4 ሊትር ቱርቦ ገባላት። የፈረስ ጉልበቷ ከ295 ወደ 275 ወርዷል። እኔም ይህን አይቼ «አሳነሷት» ብዬ ነበር። አፌን የያዝኩት ጊቤ በረሃ ወርጄ ወደ አበልቲ ስወጣ ነው። የኔዋ እዚያ ዳገት ላይ ተሳቢ ልቅደም ካልኳት ማርሽ ቀንሳ ትጮኻለች። አዲሷ ረገጥ ሳደርጋት ዝም ብላ ወጣች። የመጎተት ኃይሏ 430 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያውም ከ1,700 ዙር ጀምሮ። የበፊቷ 363 አካባቢ ነው፣ እሱንም የምታገኘው ሞተሩ ሲጮኽ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ይደክማል። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ያን ያህል አይሰማውም።

ግን ቱርቦ ዘይት ላይ ቀልድ አያውቅም። በጊዜው፣ ደህናውን ዘይት ነው የሚፈልገው። ጋራዡም ሌላ ጉዳይ ነው። ጅማ ላይ የኔን ቪ 6 ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ አለኝ። ስለ 2.4ቱ ስጠይቀው ሳቀና «እስቲ አምጣትና አብረን እንማር» አለኝ። በኔ መኪናማ አይማርም!

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጎማው። እኔ ስገዛ ባለ 20 ኢንች ቸርኬዋ አማረችኝ። አንድ ክረምት አመሻሽ ላይ፣ አሰንዳቦን እንዳለፍኩ፣ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጧ! የጎማው ጎን ተሰነጠቀ። ቸርኬውም ጠርዙ ጎበጠ። በስኮርታ እየተንፏቀቅኩ ጅማ ገባሁ። በማግስቱ ያልዞርኩበት ጎሚስታ የለም፣ ያን ቁጥር የያዘ ግን አጣሁ። ጎማው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ተጭኖ እስኪመጣ መኪናዋ አራት ቀን ግቢ ቆመች። ከዚያ በኋላ ባለ 18 ቸርኬ ፈልጌ ቀየርኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም ነኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 18ቱ 235/65 ነው፤ ስፋቱ 235 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 65 በመቶ ማለት ነው፣ ከቸርኬው እስከ መሬት 15 ሴንቲ ሜትር ጎማ አለህ። የአዲሷ ባለ 21 ግን 235/50 ነው፣ 12 እንኳ አይሞላም። በአዲሷ ላይ ትንሹ ባለ 19 ነው፣ እሱ 14 ይሆናል። ባለ 21ዷን ደላላው «ፉል ናት» ብሎ ያሞግስልሃል። ተወው። ለቦሌ መንገድ ትሁን።

ውስጧ ያምራል። ያ አስቸጋሪ የጣት ሰሌዳ ቀርቶ ስክሪኑን በቀጥታ ነው የምትነካው። በሩ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈት፣ ከውስጥ ገፋ ታደርገዋለህ። አማቴ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ስናደርሳቸው መያዣውን ሲታገሉ ቆይተው «ልጄ፣ ቆልፈህብኝ ነው?» አሉ። ልማድ ነው፣ ይለመዳል። ቤተሰብህ ሰፊ ከሆነ ግን ልብ በል፦ በበፊቷ ቅርፅ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት ነበረች፣ በአዲሷ የለችም።

የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ የምታገኘው እዚሁ ታርጋ የወጣላትን ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ተሰቅሏል። ኤሌክትሪክ ግዛ የሚሉህም አሉ። ጅማና አጋሮ ብቻ ብትል እኔም እልህ ነበር። የወር አንዴው አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትሩና የጊቤ ዳገት ነው የሚያሳስበኝ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ከ2020 እስከ 2022 ሞዴል ያለችውን፣ የመጨረሻዋን ቪ 6፣ ባለ 18 ቸርኬ እገዛለሁ። የሚተርፈውን ብር ለአሞርዛተርና ለጎማ አስቀምጣለሁ። አይ፣ ልቤ አዲሷ ላይ ነው ካልክ ባለ 19ኟን ፈልግ። ስትሞክራትም አስፋልት ላይ ብቻ አትንዳት። ኮብልስቶን ላይ አውጣት፣ እናትህን ከኋላ አስቀምጥና እሳቸውን ጠይቅ። ሻጩንም ቸርኬዋ ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠይቀውና እዚሁ ጻፍልኝ።