በኮሮላ ዲኤክስ ላይ አላርም በራስ መግጠም፦ ጥያቄና መልስ

አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ከኮሮላ ዲኤክስ ባለቤቶች ነው፤ ኬኢ70 ሞዴል፣ ባለ 4ኬ ሞተር፣ ካርቡራተር፣ ማርሹ በእጅ፣ ሴንትራል ሎክ የሌለው። አላርሙ ደግሞ ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ባለ ሁለት ሪሞት የቻይና ዕቃ ነው። ከሌላ መኪና የመጡት ጥያቄዎች መጨረሻ አካባቢ አሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ካርቶኑ ውስጥ ዋናው ሳጥን፣ ሪሞቶቹ፣ ሳይረን፣ የንዝረት ሴንሰር፣ ቀይ ኤልኢዲ፣ የኮፈን ስዊችና አንድ ሪሌ (በኮረንት የሚሳብ ስዊች) አለ። የሚጎድለው ሽቦና መገጣጠሚያ ነው። ለዋናው የባትሪ መስመር 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 5 ሜትር፣ ለምልክት መስመሮች 0.75 ሽቦ 10 ሜትር፣ ሞተር ለሚያቆመው ሪሌ 2.5 ሽቦ 2 ሜትር ግዛ። ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ ሙቀት ሲነካው የሚኮማተር ቱቦ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያና ሽቦው ብረት ለሚያቋርጥበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ጨምር። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ከሌለህ ሥራውን አትጀምር።

ከመግዛትህ በፊት ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር ኮዱ የሚቀያየር መሆኑን ጠይቅ። ኮዱ ቋሚ የሆነውን ማንኛውም ሪሞት መቅጃ ይገለብጠዋል።

ጥያቄ፦ መመሪያው ላይ ያለው የሽቦ ቀለም ከመኪናዬ ጋር አይገጥምም። በምን ልለይ?

መልስ፦ የመመሪያው ቀለም የሚያገለግለው ከአላርሙ ለሚወጡት ሽቦዎች ብቻ ነው። 40 ዓመት በሞላው መኪና ላይ ስንት እጅ ሽቦ እንደቀየረ አይታወቅምና የመኪናውን ሽቦ በቴስተር እንጂ በቀለም አትመን።

ከመሪው ሥር ያለውን የቁልፍ ስዊች ሶኬት ሳትነቅል ከጀርባው ለካ። የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ ቀለሙ የተፋቀ የቦዲ ብረት ላይ ይሁን። ቁልፉ ሳይገባ 12 ቮልት የሚያሳየው ቋሚ መስመር ነው። ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን 12 የሚሰጥ፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞርም የማይጠፋው የአላርሙ የቁልፍ ሽቦ የሚያዝበት ነው። በራዲዮ ደረጃ በርቶ ሞተሪኖ ሲዞር ዜሮ የሚወርደውን ተወው፤ እዚያ ካያያዝከው ሞተር ሲነሳ አላርሙ ቁልፉ የወጣ ይመስለዋል። ስታርት ላይ ብቻ የሚበራው የሞተሪኖ መስመር ነው። እያንዳንዱን እንዳገኘህ ወረቀት ለጥፍበት።

ለክተህ ከጨረስክ በኋላ፣ ሽቦ ከመቁረጥ በፊት የባትሪውን ማይነስ በ10 ቁልፍ ፍታ።

ጥያቄ፦ ማሳውን (ከቦዲ ብረት ጋር የሚታሰረውን የማይነስ ሽቦ) የት ልሰር?

መልስ፦ ዳሽቦርዱ ሥር ቦዲ ላይ የተበየደ ብሎን ፈልግ፤ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቅ፣ ቀለበት ጫፍ ግጠምና አጥብቅ፣ ከላይ ቀለም ወይም ግራሶ ቀባ። የፕላስቲክ ማቀፊያ የያዘች ትንሽ ብሎን ማሳ አትሆንም። ሳይረኑ ሲጮህ ኤልኢዲው ከደበዘዘ ወይም ሪሌዎቹ ከተንቀጠቀጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳው ነው።

ጥያቄ፦ በር ሲከፈት አላርሙ አይጮህም። ሽቦውን ከጣሪያው መብራት መስመር ነው የወሰድኩት።

መልስ፦ ቦታው ትክክል ነው። በዲኤክስ የበሩ ስዊች በር ሲከፈት መስመሩን ከማሳ ጋር ያገናኛል፤ ስለዚህ የሚያዘው የአላርሙ ማይነስ የበር ሽቦ ነው። አላርሙ ማይነስና ፕላስ ሁለት የበር ሽቦ ስላለው ፕላሱን ይዘህ ይሆናል። በር ተዘግቶ 12 ቮልት፣ ተከፍቶ ዜሮ መሆኑን ለካ። ከመለካትህ በፊት ግን የጣሪያው አምፖል ያልተቃጠለ፣ ስዊቹም በር ሲከፈት በሚበራበት ቦታ ላይ መሆኑን እይ፤ አለዚያ 12 ቮልቱ ስለማይመጣ የተሳሳተ ሽቦ የያዝክ ይመስልሃል።

ልኬቱ ትክክል ሆኖ አንደኛው በር ብቻ ከዘለለ ስዊቿ ዝጋለች። ንቀላት፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ የምትቀመጥበትን ብረት ጭምር ፋቅ። የኋላ በሮች ላይ ጭራሽ ስዊች የሌለው መኪናም አለ፤ ያኔ ሁለት ስዊች ገዝተህ ከዚሁ መስመር ጋር ማገናኘት ነው።

ጥያቄ፦ ከአላርሙ የሚወጡትን ሁለቱን የመብራት ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዤ ፍሬቻ ላይ ልሰር?

መልስ፦ በፍጹም። ከጠመዘዝካቸው የግራና የቀኝ ፍሬቻ ይገናኛሉ፤ ወደ ግራ ስታሳይ አራቱም ይበራሉ። አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ለይተህ ከፍላሸሩ (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም ከሚያደርገው) በኋላ ካለው መስመር ያዝ። በአንድ ወገን ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖልና አንድ ባለ 5 ዋት ካለ 4 አምፔር ገደማ ነው፤ የአላርሙ ሪሌ ያንን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሞተሪኖውን መስመር ልቁረጥ ወይስ የቦቢናውን (ለካንዴላ ኮረንት የሚሰጠውን)? ሁሉም የተለያየ ነገር ይነግረኛል።

መልስ፦ ማርሹ በእጅ ስለሆነ ሞተሪኖው ብቻ ከተቆረጠ ሌባው ቁልቁለት ላይ ለቆ ሁለተኛ ማርሽ በማስገባት ያስነሳዋል። አዲስ አበባ ላይ ቁልቁለት ሩቅ አይደለም። የቤንዚን ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ በሪሌ አይቆረጥም። የሚቀረው ከቁልፉ ወደ ቦቢና ፕላስ የሚሄደው ሽቦ ነው፤ ሬዚስተር ካለው ከሬዚስተሩ በፊት ቁረጠው።

ብዙ ሰው ቦቢና መቁረጥን የሚፈራው ሪሌው ቢበላሽ ሞተሩ መንገድ ላይ ይጠፋል ብሎ ነው። ፍርሃቱ ትክክል የሚሆነው ሪሌው በተሳሳተ እግሩ ከታሰረ ነው። የተቆረጠውን ሽቦ አንዱን ጫፍ 30 የሚል ቁጥር ባለው የሪሌው እግር ላይ፣ ሌላውን 87ኤ ላይ እሰር። እነዚህ ሁለቱ ሪሌው ኮረንት ሳያገኝ የተገናኙ ናቸው፤ አላርሙ ቢሞት፣ ፊውዙ ቢቃጠል እንኳ መኪናው ይሄዳል። 87 ላይ ካሰርከው ግን ስትነዳ ሁልጊዜ ሪሌው ተስቦ መቆየት አለበት፤ አንድ ሽቦ ሲላላ ሞተሩ ይጠፋል።

85ን ሲቆለፍ ማይነስ ከሚያወጣው የአላርሙ ሽቦ፣ 86ን ቁልፍ ኦን ሲሆን 12 ቮልት ከሚሰጠው መስመር ጋር አገናኝ። 86 ከተቆረጠው ቦታ በፊት፣ ማለትም በቁልፉ በኩል መያዝ አለበት። በቦቢናው በኩል ካያዝከው ሪሌው ሲሳብ የራሱን ኮረንት ይቆርጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይሳባል፤ መንጣጣት ብቻ ይሆናል።

እዚህ መስመር ላይ ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ክልክል ነው። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ይቀልጣል፣ ሽቦው ይላላል፣ መኪናው ቀለበት መንገድ ላይ የሚቆመውም በዚህ ነው። በሶልደር በይድ ወይም በትክክለኛ ፒንሳ ጨፍልቅ፣ ቱቦውን አልብስ፣ ንዝረት እንዳይሰብረው ግራና ቀኙን እሰር። ስትጨርስ ሞተሩ እየሠራ በ30 እና በ87ኤ መካከል ለካ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መጋጠሚያው ደካማ ነው፣ ድገመው።

ከባትሪ ፕላስ ወደ ቦቢና በቀጥታ ሽቦ የሚዘረጋ ሌባ ይህን ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ የኮፈኑን ስዊች ሳይገጥሙ መተው ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል። ውሃ ከማይቆምበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ኮፈኑ ሲዘጋ በደንብ እንዲጫነው አድርገህ ግጠም።

ጥያቄ፦ አላርም ካስገባሁ ወዲህ መኪናዬን ሳምንት ካቆምኳት አትነሳም። ባትሪዬ አዲስ 45 አምፔር ሰዓት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ያልኩት የሪሌው 86 እግር ቋሚ ፕላስ ላይ ታስሮ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሪሌው በሩ እስከተቆለፈ ድረስ 150 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበላል፤ በቀን 3.6 አምፔር ሰዓት፣ በሳምንት 25። ከዚያ በኋላ ባትሪው ሞተሪኖ የማዞር አቅም አያገኝም።

ለማረጋገጥ የባትሪውን ማይነስ ፍቺ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገሽ በተፈታው ካቦና በባትሪው መካከል አስገቢ። በሮቹን ዝጊ፣ በሪሞት ቆልፊ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። በዚህ ጊዜ ቁልፍ አታዙሪ፤ ሞተሪኖው የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ጤነኛ አላርም ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። ከ50 በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀዪ፤ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደወረደ ተመልከቺ። አላርሙ ጥፋተኛ ሳይሆን የፖርታ ባጋልዮ መብራት ሳይጠፋ ሊቀርም ይችላል።

ጥያቄ፦ ክረምት ነጎድጓድ ባለ ቁጥር ይጮሃል፤ ጎረቤት ተማረረ።

መልስ፦ የንዝረት ሴንሰሩ ስሜቱ በዝቷል። ከመሪው ዘንግ ማቀፊያ ጋር ጥብቅ ብሎ መታሰር አለበት፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ከራሱ መወዛወዝ ይነሳል። ከዚያ የማስተካከያዋን ብሎን እስከ ዝቅተኛው መልሰህ፣ በትንሹ በትንሹ እየጨመርክ ሞክር። በመዳፍ ጣሪያውን መታ ስታደርግ ዝም፣ በጡጫ የበሩን ምሰሶ ስትመታ ደግሞ መጮህ አለበት። ብሎኗ ሙሉ ዙር አትዞርም፤ ካስገደድካት ትሰበራለች። ሴንሰሩ ተነቅሎም ካልቆመ ምክንያቱ ውሃ የገባበት የበር ወይም የኮፈን ስዊች ነው።

ጥያቄ፦ ሪሞቱ በሩን እንዲቆልፍ ምን ልጨምር?

መልስ፦ ባለ አራት ሞተር የሴንትራል ሎክ ኪት። ባለ 5 ሽቦው ሞተር የሾፌሩ በር፣ ባለ 2 ሽቦዎቹ የቀሩት በሮች ናቸው። አላርሙ ለበር ሁለት ሪሌ አለው፤ የሁለቱን መካከለኛ እግር ማሳ ላይ፣ ሲሳቡ የሚገናኙትን ሁለቱን እግሮች የሾፌሩ ሞተር ወደ ሎኩ ሳጥን ምልክት በሚልክባቸው ሁለት ሽቦዎች ላይ እሰር። የቀሩትን ሁለቱን ለየብቻ ሸፍነህ ተዋቸው። ሪሞቱ ሲቆልፍ በሩ ከተከፈተ ሁለቱን የምልክት ሽቦዎች አቀያይር።

ሞተሩን በብሎን ከማሰርህ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርድ፤ አለዚያ መስታወቱ ሞተሩ ላይ ያርፋል። በበሩና በምሰሶው ላይ የምትበሳቸው ቀዳዳዎች ትይዩ አይሁኑ፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ይበል፤ ሽቦው በሩ ሲዘጋ ሳይሰበር ይታጠፋል።

ጥያቄ፦ ሪሞቱ ከሁለት ሜትር በላይ አይሠራም።

መልስ፦ መጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪ ቀይር። ካልተሻለ ከሳጥኑ የምትወጣው ቀጭን የአንቴና ሽቦ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልላለች ወይም ብረት ላይ ተኝታለች። ዘርጋት፣ ወደ መስታወቱ አስጠጋት፣ አትቁረጣት። ርዝመቷ ከሞገዱ ጋር የተለካ ነው፤ ለ433 ሜጋኸርዝ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ሳጥኑንና ሳይረኑን የት ልደብቅ?

መልስ፦ ሳጥኑ ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ፣ ከሾፌሩ እግር በላይ ተጎንብሶ የማይደረስበት ይሁን። ከማሞቂያው ቱቦ አርቀው። ሳይረኑ አፉ ወደ ታች፣ ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ ወገን፣ ከመኪናው ሥር እጅ የማይደርስበት።

ጥያቄ፦ የኔ የድሮ ፎልስዋገን ነው። ይሠራል?

መልስ፦ ባትሪውን እይ። 3 ክዳን ካለው 6 ቮልት ነው፣ 6 ክዳን ካለው 12። ከፈረንጆች 1967 በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ 6 ቮልት ናቸው፤ ይህ አላርም እዚያ ላይ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ሃያስ ናፍጣ ነው ያለኝ፣ ሦስት ኤል ሞተር። ቦቢና ስለሌለው ምኑን ልቁረጥ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የናፍጣ ፓምፑ ላይ አንድ ሽቦ ብቻ የያዘች የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ አለች። ወደ እሷ የሚሄደውን ሽቦ ልክ እንደ ቦቢናው በ30 እና በ87ኤ ይቁረጡት። ሽቦው ኮረንት ካጣ ናፍጣው ይዘጋል፣ ገፍተውም አይነሳም። ሪሌውን ግን ፓምፑ አጠገብ አይስቀሉት፤ ሙቀትና ናፍጣ ይገድለዋል፣ ዳሽቦርድ ሥር ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ኤርባግ ያለው ኮሮላ ላይስ?

መልስ፦ ሥራው አንድ ነው፤ ቢጫ ሶኬት ያላቸውን ሽቦዎች ግን አትንካ፣ አትለካ። በአምፖል መፈተሻም አትጠቀም፤ አምፖሉ የሚስበው ኮረንት የሞተሩን ኮምፒውተር ሊጎዳ ይችላል።