በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትና ዓለም አቀፍ ሕግ፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የሚደበድባት ባሏ ነው። መንግሥት በምን ይጠየቃል?

መልስ፦ በድብደባው ሳይሆን እያወቀ ባለማስቆሙ። መንግሥት ጥቃትን የመከላከል፣ የመመርመር፣ አጥፊውን የመቅጣትና ተጎጂዋን የመካስ ግዴታ አለበት፤ ይህን በተገቢው ትጋት ካልተወጣ ይጠየቅበታል። መርሁን የኢንተር አሜሪካ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1988 በሆንዱራስ ላይ በሰጠው ፍርድ አጽንቶታል። የዚያ መዝገብ ጉዳይ የሰው መሰወር ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ የሴቶች አቤቱታ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ፖሊስ «የቤት ጉዳይ ነው፣ ታረቁ» ብሎ ሲመልሳት መልሱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ቀኑን፣ ጣቢያውንና የመዝገብ ቁጥሩን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሴዳውን (በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ለማስወገድ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት) አነበብኩት፤ ስለ ጥቃት የሚናገር አንቀጽ ግን አጣሁ።

መልስ፦ ልክ ነዎት። አንቀጽ 6 በሴቶች ስለመነገድ ቢያነሳም፣ የ1979ኙ ስምምነት ራሱን የቻለ የጥቃት አንቀጽ የለውም። ክፍተቱን የሞላው የስምምነቱ ኮሚቴ ነው፤ በ1992 በአጠቃላይ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 19 ጥቃት አድልዎ መሆኑን ገለጸ፤ በ2017 ደግሞ በቁጥር 35 አጠናከረው። አቤቱታ ሲጽፉ ሁለቱንም ይጥቀሱ።

ጥያቄ፦ በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የወጣው የ1993ቱ የተባበሩት መንግሥታት መግለጫስ?

መልስ፦ አስገዳጅ አይደለም፤ ለትርጉም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ለኮሚቴው አቤት ለማለት ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ መጀመሪያ አገሩ የ1999ኙን አማራጭ ፕሮቶኮል (ግለሰቦች ለኮሚቴው አቤት እንዲሉ የሚፈቅደውን የሴዳው ተጨማሪ ስምምነት) መቀበሉን ያረጋግጡ፤ ሴዳውን ማጽደቁ ብቻ አይበቃም። አቤቱታው በጽሑፍና በስም ይቅረብ፤ ሲታተም ግን ስሟ እንዲሸፈን መጠየቅ ትችላለች። በሌላ ዓለም አቀፍ አካል የታየ ወይም እየታየ ያለ ጉዳይ አይሁን። በአገር ውስጥ ያለው የፍትሕ መንገድም ተሟጦ ማለቅ አለበት፤ ያለምክንያት ከተጓተተ ወይም ውጤት የማያመጣ ከሆነ ግን ይህ አይጠበቅባትም።

ብዙ መዝገብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በአገር ውስጥ ስለ ድብደባው ብቻ ተከራክረው፣ ኮሚቴው ዘንድ ሲደርሱ አድልዎን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳሉ። በቱርክ ላይ የቀረበ አንድ አቤቱታ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ የጾታ አድልዎ በአገር ውስጥ አልተነሳም ተብሎ በ2006 ውድቅ ሆኗል። ጠበቃዋ «ሴት በመሆኗ ጥበቃ ተነፈጋት» የሚለውን ከመጀመሪያው ክስ ጀምሮ ያስገባ።

ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ጊዜያዊ የጥበቃ እርምጃ አብረው ይጠይቁ። መንግሥት መልስ ለመስጠት 6 ወር አለው፤ ያን ያህል መጠበቅ የማትችል ሴት አለች።

ጥያቄ፦ ባልየው «ቤቱ የኔም ነው» ብሎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢመለስስ?

መልስ፦ በሃንጋሪ የሆነው ይኸው ነው። ኮሚቴው በ2005 የንብረትም ሆነ የግላዊነት መብት ከሴቲቱ ሕይወትና የአካል ደኅንነት እንደማይበልጥ ወሰነ።

ጥያቄ፦ ውሳኔው ወረቀት ላይ አይቀርም?

መልስ፦ ኮሚቴው ፖሊስ የለውም። ግን የስፔኑን መዝገብ ይመልከቱ፦ አንዲት እናት ከ30 በላይ አቤቱታ ብታቀርብም፣ አባትየው ያለ ተቆጣጣሪ እንዲያያት የተፈቀደለትን ልጃቸውን ገደላት። ኮሚቴው በ2014 ለእናትየው ወሰነ፤ መንግሥት ግን ካሳውን አልከፍልም አለ። እሷም ውሳኔውን ይዛ ወደ አገሯ ፍርድ ቤቶች ተመለሰች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 የኮሚቴው ውሳኔ አስገዳጅ ነው ብሎ 600,000 ዩሮ እንዲከፈላት አዘዘ።