ቁጥሩ እዚህ እንዴት ደረሰ?

ጥያቄ፦ የሕክምና መገልገያዎችን በሚያስመጣ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። ለዳይሬክተሮች ቦርድ የሒሳብ ሪፖርት ሳቀርብ ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ሳልደርስ አባላቱ ስልካቸውን መነካካት ይጀምራሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በታሪክ መልክ እንዳቀርበው መከረኝ። በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ እንዲህ ሲቀርብ ክብደቱን አያጣም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎ ተረት ይጨምሩበት ማለታቸው አይመስለንም። የሒሳብ ሪፖርትን በታሪክ መልክ ማቅረብ ማለት አንድ ቁጥር መቼ፣ በምን ምክንያትና በማን ውሳኔ እንደተለወጠ በጊዜ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። በቀልድ መጀመር ግዴታ አይደለም፤ ቦርዱ ኪሳራ ሊሰማ በተቀመጠበት ዕለትማ ባይሞከር ይሻላል።

ከእርስዎ ዘርፍ ምሳሌ እንውሰድ። «የውጭ ምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ፣ 6.3 ሚሊዮን ብር» የሚለው መስመር ለሒሳብ ባለሙያ በቂ ቢሆንም፣ ሐኪም ለሆነው የቦርድ አባል ብዙም የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ ከአንድ ጭነት ይጀምሩ። 100 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ከውጭ አቅራቢ በዱቤ ገብቶ፣ ዶላር በ57 ብር ግድም ታስቦ በወጣለት ዋጋ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ተሸጦ አለቀ እንበል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ዕዳው በመዝገብ ላይ 5.7 ሚሊዮን ብር ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ይበሉና አባላቱ ቁጥሩን ይያዙት። ከ22 ቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ ዕዳው ዶላር 120 ብር ከደረሰ በኋላ ተከፍሎ ከሆነ ያው 100 ሺህ ዶላር 12 ሚሊዮን ብር ጠይቋል። ዕቃው ቀድሞ ስለተሸጠ ልዩነቱን የሚጠይቁት ደንበኛ የለም።

በዚህ መንገድ ሲቀርብ፣ የ2016 ሒሳብ አትራፊ ሆኖ ሳለ ኪሳራው በ2017 በጀት ዓመት ለምን እንደታየ መረዳት አይከብድም፤ ተመኑ የተለወጠው ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በመሆኑ በ2016 ሪፖርት ላይ ጉዳዩ በማብራሪያ ከመጠቀስ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ቦርዱ ሊወያይበት የሚገባው ጥያቄ፣ ማለትም በውጭ ምንዛሪ በሚከፈል ዱቤ መግዛቱ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚለው፣ ራሱ ይመጣል።

ስጋትዎ ግን ከንቱ አይደለም። የመረጡት ጭነት ከጠቅላላው ዕዳ ምን ያህሉ እንደሆነ ካልተናገሩ፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ዋጋ ሳይከልስ በመቆየቱ የመጣውን ጉዳት ጭምር በምንዛሪ ለውጡ ላይ የሚያላክኩ ከሆነ፣ ሪፖርቱ ማሳሳቻ ይሆናል። እያንዳንዱ የሚጠሩት ቁጥር ኦዲተሩ ከፈረመበት ሰነድ ጋር መግጠም አለበት፤ ሠንጠረዦቹንም ከስብሰባው ቀናት አስቀድመው ከአጀንዳው ጋር ይላኩላቸው።