በ48 እና በ44 መካከል አንድ የሻይ ማንኪያ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ የዘጌ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሃርት አታክ አጋጥሟቸው ውጭ ሀገር ወሰድናቸው። እዚያ ልባቸው በኒውክሌር ካሜራ ተነስቶ «ኢኤፍ 48» ተባለ። ዘንድሮ እዚያው ሲደገም 44 ሆነ። እዚህ ደግሞ በኢኮ 52 አሉን። እሳቸው ምንም አይሰማቸውም፤ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወክ ያደርጋሉ። እኛ ግን እንቅልፍ አጣን። የቱን እንመን? መድኃኒትስ ይጨመርላቸው?

መልስ፦ ሦስቱንም ይመኑ። አንዳቸውንም ግን እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አይመኑ።

ኢኤፍ የሚነግረን የግራው የልብ ክፍል ከሞላው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት በመቶውን ገፍቶ እንደሚያወጣ ነው። ጤነኛ ልብም ቢሆን የሚያወጣው ከግማሽ በለጥ ያለውን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለም። ይህን የምለው ብዙ ቤተሰብ እንደ ተማሪ ውጤት ስለሚያየው ነው። 48 ማለት ፈተና ወደቁ ማለት አይደለም።

እስቲ አብረን እናስላ። የአባትዎ ልብ ሲሞላ 120 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። ከጨመቀ በኋላ 62 ከቀረ የወጣው 58 ነው፤ ኢኤፉ 48 ይሆናል። የቀረው 67 ነው ተብሎ ቢነበብስ? 44 ይመጣል። ልዩነቱ 5 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። እንቅልፍ የነሳችዎት ያቺ ማንኪያ ናት።

የካሜራው ዓይን ደግሞ ያን ያህል ስል አይደለም። በደም ሥር የሚሰጠው የቴክኒሺየም መድኃኒት የልብ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ጨረር ይለቃል፤ ካሜራው ያንን ይለቅማል። ታዲያ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰን ነገር አጥርቶ መለየት ያቅተዋል። የልብ ግድግዳ ውፍረት ራሱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው! ስለዚህ ጠርዙ የቱ ጋ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ይገምታል። በዚያ ላይ ልብ ይመታል፣ ሰው ይተነፍሳል። ከታንኳ ላይ ሆነው የሚበር ፔሊካን በስልክ አንስተው ካወቁ ክንፉ ለምን እንደሚደበዝዝ ይገባዎታል።

በዚህ ምክንያት በአንድ ማሽን፣ ያው ሰው በሌላ ቀን ሲነሳ 5 ነጥብ ገደማ ቢለያይ የተለመደ ነው። ኢኮ ደግሞ በድምፅ ሞገድ ነው የሚያየው። ጠርዙን ብዙ ጊዜ የሚያሰምረው የሰው እጅ ስለሆነ ሁለት ጎበዝ ሐኪሞች በአንድ ልብ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። የኢኮውን 52 ከካሜራው 44 አጠገብ አስቀምጠው «8 ወረደ» አይበሉ።

እኔ ብሆን ያነሷቸውን ባለሙያዎች አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሁለቱንም ጊዜ አንዱን የልብ ምት የከፋፈላችሁት በ8 ፎቶ ነው በ16? በ8 ሲሆን ልብ ጭምቅ የሚልባት ቅጽበት ታመልጣለች፤ ውጤቱም በጥቂት ነጥብ ዝቅ ይላል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ተቀይሮ ከሆነም፣ ምታቸው ይዘበራረቅ ከነበረም ቁጥሩ ይንሸራተታል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለ4 ነጥብ ብቻ ብዬ አልጨምርም፤ አልቀንስምም። 48ም 44ም እኛ «መጠነኛ ቅናሽ» በምንለው ከ41 እስከ 49 ባለው ውስጥ ናቸው። የሚያሳስበኝ በአንድ ዓይነት ምርመራ ከ10 ነጥብ በላይ ቢወርድ ነው። እግራቸው ካበጠ፣ ተንጋለው ሲተኙ ካፈናቸው፣ ወይም ወኩ ላይ እንደ ድሮው ካልሆኑ ግን ቁጥር አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ያሳዩዋቸው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሁለቱንም ጊዜ ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። አብዛኛው ቤተሰብ ወረቀቷን ብቻ በፌስታል አጥፎ ነው የሚመጣው፤ ከወረቀት ላይ ደግሞ ጠርዝ አይታይም። ምርመራው የልብን ደም ሥር በሚያሰፋ መድኃኒት የሚደረግ ከሆነ ከ24 ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡናም ሻይም አይቅመሱ፤ የመድኃኒቱን ሥራ ያከሽፋሉ። ለዘጌ ሰው ይህን ማለት እንደማይቀል አውቃለሁ።