መልስ፦ የዲኤክስ ፓራፋንጎ ዝገት ጅማ ላይ በግቢ ውስጥ

ወንድሜ፣ «የኮሮላ ዲኤክሴ የኋላ ፓራፋንጎ (ጎማውን የሚሸፍነው የአካል ብረት) ዝጎ ቀለሙ ተነፋፍቷል፤ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልቀባው?» ላልከው፣ ትችላለህ። ግን መጀመሪያ ያበጠውን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን እያደረግህ ፈትሸው። ከበሳ ስቱኮ (ጎድጓዳ የሚሞላበት ልስን) አያድነውም፤ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት። ቀዳዳ ላይ የተለሰነ ስቱኮ ከጀርባው ውሃ እየመጠጠ ኋላ ይፈነቀላል።

ካልበሳ በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገው። ከጉድጓዶቹ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ከቀረ ዝገቱ ከዚያው ይነሳል። በቲነር ጠርገህ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መከላከያ ቅብ) ቀባው፤ በጅማ እርጥበት ብረቱን ራቁቱን አታሳድር።

ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ማድረቂያ ይበቃል፣ ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ማድረቂያ ሲያንስ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ሲበዛ በቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ስቱኮ ውሃ ስለሚጠጣ በ180 ከዚያም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አለስልሰው። ፕራይመር ሁለት እጅ፣ ከዚያ 600 በውሃ።

ቀለሙን እባክህ በዝናብ ቀን አትንፋ። ቲነሩ ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት ጠል ሆኖ ያርፍበትና ወተት የመሰለ ጉም ይለብሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት፣ ጠሉ ከረገፈ በኋላ ረፋዱ ላይ ስስ ሦስት እጅ ንፋ፤ በየመሃሉ 15 ደቂቃ ጠብቅ። ማድረቂያ የሚደባለቅበት ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚነፋው አንጸባራቂ ሽፋን) ሳንባ ይጎዳል፤ ተራ የአቧራ ጭንብል አይመክተውም፣ ትክክለኛ ማጣሪያ ከሌለህ ለቀቢ ስጠው።