የተመረጠ ሰው ሲጠየቅ

ውድ ልጆቼ፣

ከናንተ ከወጣቶቹ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ሕዝብ የመረጠውን ሰው ማንም ያልመረጠው ዳኛ ምን አግብቶት ያዘዋል?» በሕግ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝና የማምንበትን ልንገራችሁ።

ምርጫ ሥልጣን ይሰጣል። ሥልጣኑ ግን ወሰኑን ይዞ ነው የሚመጣው። ወሰኑን ያሰመረው ሕገ መንግሥትም የዚያው የመራጩ ሕዝብ ነው።

የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ ተመልከቱ። በንካንድላ መንደር የሚገኘው የያኔው ፕሬዚዳንት የጃኮብ ዙማ የግል መኖሪያ ለጥበቃ ተብሎ በመንግሥት ገንዘብ ታደሰ። እግረ መንገዱን የመዋኛ ገንዳ፣ የከብት በረትና የዶሮ ቤት ተሠራ። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላ ጉዳዩን መረመሩ። ከጥበቃ ጋር ግንኙነት ከሌለው ወጪ ፕሬዚዳንቱ የተወሰነውን ከኪሳቸው እንዲመልሱም ወሰኑ። ፓርላማው ግን በአብላጫ ድምፅ ነፃ አወጣቸው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደ። ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱን አላከበሩም አለ። ፓርላማውም የመቆጣጠር ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ሒሳቡ ተሠርቶ 7.8 ሚሊዮን ራንድ ሆነ፤ ዙማም ከፈሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ የፓርላማው ነገር ነው። «እጅ አውጥተን ወስነናል፣ አለቀ» ማለት አልተቻለም። ተቆጣጣሪውም ተጠያቂ ሆነ።

ዳኛ ጦር የለውም። በጀቱንም የሚያጸድቁለት ሌሎች ናቸው። ትእዛዙ የሚፈጸመው ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ የደረሰ አንድ ሠራተኛ ሲፈጽመው ነው። ነገ ያ ሠራተኛ እናንተ ናችሁ። አለቃችሁ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ «ለጊዜው ያዘው፣ ከላይ ተነግሮናል» ቢላችሁ «በደብዳቤ ይሰጠኝ» በሉ። በትሕትና፣ ግን ሳትሽኮረመሙ። ቁጥርና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ሲጠየቅ የአለቃው የቃል ትእዛዝ እዚያው ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ደብዳቤው ቢመጣም ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ከዚህ የሚከብደው የምትወዱት ፖለቲከኛ ሲከሰስ ነው። «ሴራ ነው» ከማለታችሁ በፊት ክሱን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የትኛው ሕግ ተጠቀሰ? ማስረጃውስ ምንድን ነው? የማትወዱት ሲከሰስም ያንኑ ጠይቁ፤ ጠበቃው ሳይሰማ እንዲፈረድበት አትጩኹ።