መልስ፦ ሁለቱም የዮሺዳ ናቸው

የጃፓናዊው ሠዓሊ የሂሮሺ ዮሺዳ «ባለሸራ ጀልባዎች» የእንጨት ኅትመቶች አንዱ ወርቃማ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነው አንዱ ፎርጅድ ስለሆነ ነው ወይ ብለሃል። አይደለም ወንድሜ። ዮሺዳ እ.ኤ.አ. በ1926 ያንኑ የተቀረጸ እንጨት ቀለም እየቀየረ አሳተመበት። ስለዚህ ያው ባሕር አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ፣ አንዴ ደግሞ ጉም የለበሰ ይሆናል።

ሰማዩን ቀረብ ብለህ እየው። ቀለሙ ቀስ እያለ ይሳሳና ይጠፋል። ይህን የሠራው ማሽን አይደለም! አታሚው እንጨቱን አርጥቦ ቀለሙን በብሩሽ ያሳሳል፤ ወረቀቱን ያነጥፍና ጀርባውን በእጁ ይዳምጣል። ለሌላው ቀለም እንደገና ከሀ ይጀምራል። እኔ በዚህ ትዕግሥት ሁሌም እደነቃለሁ።

ከወደድከው የሌላውን ጃፓናዊ የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ የካዋሴ ሃሱይን ሥራዎችም ፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የዞጆጂ ቤተ መቅደስ በረዶ፣ ቀዩ በርና ባለጃንጥላዋ ሴት፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።